ከደብረ ታቦር ወደ ቻይና፦ ለአዲስ ተማሪ የዕለት ኑሮና የጉዞ መመሪያ

በቻይና የውጭ አገር ተማሪ የዕለት ኑሮ የተንጠለጠለው በፓስፖርቱ ላይ ነው። ፓስፖርት ሳይታይ ሲም ካርድ አይሸጥም፤ የአገሩ ስልክ ቁጥር ከሌለ የባንክ ሂሳብ መክፈት ያስቸግራል፤ ሂሳብ ከሌለ በስልክ መክፈል ይከብዳል፤ በስልክ መክፈል ያልቻለ ደግሞ ታክሲ ሲጠራም፣ ምግብ ሲያዝም፣ የሙዚየም መግቢያ ሲቆርጥም ይቸገራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ቅደም ተከተል አለው። አንዱ ደረጃ ሲዘለል ወይም በስህተት ሲሠራ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይቆማሉ፤ ብዙ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ የሚከርሙት በዚህ ምክንያት ነው።

መመሪያው ከደብረ ታቦር፣ ከጋፋት፣ ከፋርጣና ከአካባቢው ወረዳዎች ለትምህርት የሚሄዱትን ያስባል። የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ የሚመዘግቡት በአብዛኛው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን አካባቢ ስለሆነ ጉዞው ብዙ ጊዜ ከቡሄ በኋላ ባሉት ቀናት ላይ ያርፋል። ዝግጅቱ ግን በሰኔና በሐምሌ መጠናቀቅ አለበት። ለሥራ ወይም ለንግድ የሚሄድ ሰው ቪዛው ቢለይም ከአራተኛው ደረጃ ጀምሮ ያለው አብዛኛው ነገር እሱንም ይመለከታል።

1. ስምን አንድ ማድረግ

ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የቻይና ቅጽ ግን የቤተሰብ ስምና የግል ስም የሚሞሉባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ አሉት፤ የቤተሰብ ስምም ብዙ ጊዜ ይቀድማል። በዚህ የተነሣ የአንድ ተማሪ ስም በዩኒቨርሲቲው አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ሌላ ዓይነት፣ በስልክ ድርጅቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይመዘገባል። ኮምፒውተር ደግሞ የስሞች መቀያየር ወይም የአንድ ክፍት ቦታ መጉደል ሌላ ሰው ያስመስልበታል። ውጤቱ የባንክ ካርዱ ከመክፈያ መተግበሪያው ጋር አለመገናኘት፣ የባቡር ትኬት አለመቆረጥ፣ የኪስ ገንዘብ አለመግባት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ በኮምፒውተር የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ። ስሙ ከእነዚህ ላይ፣ በዚያው ቅደም ተከተልና በትልልቅ የላቲን ፊደል በአንድ ካርድ ላይ ይገለበጣል፤ ካርዱም በየቢሮው ለጸሐፊው ይሰጣል። ከመፈረም በፊት ጸሐፊው የሞላውን ፊደል በፊደል ማየት ያስፈልጋል፤ ከተፈረመ በኋላ ማስተካከል ቀናት ይወስዳል።

ሌላው የተለመደ ስህተት የትምህርት ማስረጃና የፓስፖርት አለመመሳሰል ነው። ጸ፣ ቀ፣ ጨ የመሳሰሉ ድምፆች በላቲን ፊደል በየጸሐፊው ስለሚለያዩ ዲፕሎማውና ፓስፖርቱ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ይይዛሉ። ልዩነት ካለ የቅበላ ደብዳቤውና ለቪዛ የሚያገለግለው ጄደብልዩ 201 ወይም ጄደብልዩ 202 የተባለው ቅጽ በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲታረም ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ የሚቻለው ቪዛ ከመመታቱ በፊት ነው። የትውልድ ቀንም በሁሉም ወረቀት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ዓይነት መሆኑ ይጣራል።

2. ስልኩን በአገር ቤት ማዘጋጀት

ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ዋትስአፕ፣ ኢንስታግራምና ቴሌግራም በቻይና ኢንተርኔት አይከፈቱም። ቲክቶክም አይሠራም፤ በቦታው ያለው ዶዪን የተባለው የአገሩ መተግበሪያ ነው። እነዚህን ለመክፈት ፈቃድ የሌለው ቪፒኤን መጠቀም ሕጉ ይከለክላል። ኑሮው ከመጀመሪያው በሚከፈቱት መተግበሪያዎች ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ዊቻት የተባለው መተግበሪያ ነው። መምህሩ የቤት ሥራ የሚሰጠው፣ የዶርም ኃላፊዋ የምታስታውቀው፣ ነጋዴው ገንዘብ የሚቀበለው በእሱ ነው። አዲስ ሂሳብ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ነባር ተጠቃሚ ኪው አር ኮድ አንብቦ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ስለዚህ የተማሪውም የወላጆቹም ሂሳብ መከፈት ያለበት ተማሪው ገና ደብረ ታቦር ሳለ፣ ዊቻት ያለው ሰው በአጠገብ ሲኖር ነው። እናትና አባት ሁለት ሦስት ጊዜ ደውለው እስኪለምዱት መቆየትም ተገቢ ነው፤ ልጅ ቻይና ከገባ በኋላ በስልክ ማስተማር ለሁለቱም ወገን ፈተና ይሆናል። ወላጆች ተራ ስልክ ብቻ ካላቸው በሠፈሩ ስማርት ስልክ ያለው አንድ ዘመድ ይመረጣል።

ከዊቻት ቀጥሎ አሊፔይ የተባለው መክፈያ፣ ጋኦዴ የተባለው ካርታና ያለ ኢንተርኔት ቻይንኛ የሚተረጉም መተግበሪያ ይጫናሉ። ዩኒቨርሲቲው የሚጽፍበት ኢሜይል የጉግል ከሆነ በቻይና በሚከፈት ሌላ አድራሻ ይቀየራል፤ ይህ ተረስቶ የምዝገባ መልእክት ያመለጣቸው ብዙ ናቸው።

ሰዓቱም በዚሁ ጊዜ ይጠናል። መላው ቻይና የሚጠቀመው አንድ ሰዓት ሲሆን ከኢትዮጵያ 5 ሰዓት ይቀድማል። ደብረ ታቦር የሚነገረውን ሰዓት ለማግኘት ከቤጂንግ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ላይ 11 መቀነስ ይበቃል፤ ቤጂንግ 20፡00 ሲል ደብረ ታቦር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ወላጆች ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲደውሉ በዚያ 23፡00 ሆኖ የዶርሙ መብራት ሊጠፋ ተቃርቧል። ትኬት ላይ 07፡40 ተብሎ የተጻፈውን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ብሎ ማንበብ ያልለመደ ሰው ባቡር ያመልጠዋል።

3. ሻንጣው

የደብረ ታቦር እናት ለመንገደኛ ልጇ የምታስረው ስንቅ በከፊል የቻይናን ጉምሩክ አያልፍም። ሥጋ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ዕንቁላል፣ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት፣ የሚዘራ እህልና አፈር የተከለከሉ ናቸው። ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ለመጫን የሚሻሉት የተፈጩና የተቆሉ ደረቅ ነገሮች ናቸው፦ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቆሎ። ከእነዚህ ሁሉ በሶ ይበልጣል። ምድጃ አይፈልግም፣ ይጾሙበታል፣ የደጋው ገብስም የታወቀ ነው። ሁሉም በድርብ ላስቲክ ታሽጎ በእንግሊዝኛ ስሙ ቢጻፍበት ፍተሻው ላይ ጥያቄ ይቀንሳል።

ጫት ከማንኛውም ነገር በላይ መፈራት አለበት። በኢትዮጵያ በገበያ የሚሸጠው ቅጠል በቻይና ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአደገኛ ዕፅነት ተመድቧል። ደርቆም፣ ተፈጭቶም፣ በፖስታ ተልኮም ቢሆን ያሳስራል። ከዚህ የባሰው የሰው ዕቃ ነው። አደራ አለመቀበል እንደ ነውር በሚታይበት አገር ያደገ ወጣት "እግረ መንገድህን ይህችን አድርስልኝ" ሲባል እምቢ ማለት ይከብደዋል። በቻይና የወንጀል ሕግ ግን 50 ግራም ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ያስገባ ሰው ከ15 ዓመት እስራት እስከ ሞት ይቀጣል፤ ሻንጣው የተገኘበት ሰው "የእኔ አይደለም" ማለቱ ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ተማሪው በገዛ እጁ ያላሸገውን ዕቃ አይዝም፤ ዘመድም ይላክ፣ ጎረቤት፣ ቦሌ ላይ የተገኘ የማይታወቅ ሰው። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ለዘመድ አዝማዱ ቢናገር ልጁ በመጨረሻው ሰዓት አይጨነቅም።

የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘም ቢሆን የአንድ ሁለት ወር መደጎሚያ ይዞ መሄድ አለበት። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ በወር ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,500፣ ለማስተርስ 3,000፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚገባው ግን ምዝገባውና የባንክ ሂሳቡ ካለቁ በኋላ ነው። የሚያዘው የውጭ ምንዛሪ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሆነ ሲገቡ ለጉምሩክ ይገለጻል። በጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ምንዛሪ በአየር ማረፊያው ባንክ ያደርጋል፤ በመንገድ ከሚመነዝር ሰው አይቀበልም።

የኤሌክትሪኩ ኃይል እንደ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ስለሆነ ቻርጀር አይቃጠልም፤ ሶኬቱ ግን ጠፍጣፋ እግር ስለሚቀበል አንድ አዳፕተር ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ መያዝ ከንቱ ሸክም ነው፤ ዶርሞች ብዙ ኃይል የሚስብ ማብሰያ ይከለክላሉ፣ በፍተሻ ሲገኝም ይወሰዳል።

4. የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና የመውጫና መግቢያ አስተዳደር ሕግ ከሆቴል ውጭ የሚያርፍ የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ሆቴል ያደረ ሰው የሚመዘገበው በሆቴሉ ነው። ዶርም የገባውን የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይመራዋል፤ ቤት የተከራየው ከውሉና ከአከራዩ መታወቂያ ቅጂ ጋር ራሱ ይሄዳል። የዘገየ እስከ 2,000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል።

በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትልቁ ስህተት የገንዘቡ ቅጣት አይደለም፤ የሚሰጠውን የምዝገባ ወረቀት መጣል ነው። ወረቀቱ ተራ ደረሰኝ ይመስላል፤ ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያለ እሱ አይሰጥም። ሁለት ቅጂ ተነሥቶለት ዋናው ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጣል። ምዝገባው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅም አይደለም። አድራሻ ሲለወጥ፣ ከቻይና ወጥቶ ሲመለስ፣ በሌላ ከተማ ጓደኛ ቤት ሲታደርም ይደገማል።

5. ስልክ ቁጥርና ባንክ

ይህ ደረጃ ከመኖሪያ ፈቃዱ የሚቀድምበት ምክንያት አለ። ፈቃዱ ሲጠየቅ ፓስፖርቱ ለብዙ ቀናት በፖሊስ እጅ ይቆያል፤ በምትኩ የሚሰጠው ደረሰኝ በሕግ መቆየትን ያረጋግጣል እንጂ ሲም ካርድ ለመግዛትም ሂሳብ ለመክፈትም ብዙ ጊዜ አይበቃም። በመሆኑም ፓስፖርቱ በእጅ ሳለ ሁለቱም ይሞከራሉ። አንዳንድ የባንክ ቅርንጫፍ ፈቃዱን ካላየሁ አልከፍትም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ወደሚሠራበት ቅርንጫፍ መሄድ ይሻላል፤ ሠራተኞቹ የውጭ ተማሪ ማስተናገድ ለምደዋል።

ሲም ካርድ የሚገዛው ከቻይና ሞባይል፣ ከቻይና ዩኒኮም ወይም ከቻይና ቴሌኮም ትክክለኛ ሱቅ ነው። ሻጩ ፓስፖርቱን ይመዘግባል፣ ፊትም ፎቶ ያነሣል። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ቁጥር ገዝቶ መጠቀም በኋላ ባንክና መክፈያ ሲገናኙ ይጋለጣል። ከመፈረም በፊት ጥቅሉ ለስንት ወር እንደሚያስር መጠየቅ አለበት። ባለ 11 አሃዙ ቁጥር ከተያዘ በኋላ እንዲዘጋ መፍቀድ አይገባም፤ ተማሪው ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጣም ሂሳቡ ተሞልቶ ይተዋል፤ የባንኩም የመክፈያውም የማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው በእሱ ነው።

ለባንክ ፓስፖርት፣ የቅበላ ደብዳቤ ወይም የተማሪ መታወቂያና ስልክ ቁጥሩ ይያዛሉ። የምሥጢር ቁጥሩ ባለ 6 አሃዝ ነው። ስሙ በመጀመሪያው ደረጃ በተዘጋጀው ካርድ መሠረት መሞላቱ እዚሁ መስኮት ላይ ይረጋገጣል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና የወገን ነው። ዩዋን የሚፈልግና ብር የሚፈልግ ሰው ተፈላልገው በግል ሂሳብ ገንዘብ ይቀያየራሉ። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ የገባበት ሂሳብ በፖሊስ ሊታገድ ይችላል፤ የታገደ ሂሳብ ደግሞ የኪስ ገንዘቡንም ይዞ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቴሌኮምና የኢንተርኔት ማጭበርበርን የሚከላከለው ሕግ የባንክ ሂሳብንም ሲም ካርድንም መሸጥ፣ ማከራየትና ማዋስ ይከለክላል። "ለአንድ ቀን ሂሳብህን ላሳልፍበት" የሚል ጥያቄ፣ ከአገር ልጅ የመጣም ቢሆን፣ መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም።

6. የመኖሪያ ፈቃድ

ኤክስ 1 የተባለው የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ አገር ያስገባል እንጂ አያኖርም። በገቡ በ30 ቀን ውስጥ ከከተማው የመውጫና መግቢያ አስተዳደር ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። የሚያስፈልጉት ፓስፖርት፣ የቅበላ ደብዳቤ፣ የጄደብልዩ ቅጽ፣ የፖሊስ ምዝገባ ወረቀት፣ የጤና ምርመራ ማረጋገጫና ፎቶግራፍ ናቸው። ክፍያው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ፈቃድ 400፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው 800 ዩዋን ነው። ውሳኔው በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ቀኑ አልፎ የተገኘ በቀን 500 ዩዋን እየታሰበ እስከ 10,000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል።

ቀኑን የሚበላው የጤና ምርመራው ነው። ከአዲስ አበባ የተሠራው ምርመራ ፎርሙ ያልተሟላ፣ ማኅተሙ በፎቶው ላይ ያላረፈ ወይም 6 ወር ያለፈው ከሆነ እንደገና ይሠራል። የደም ምርመራ ስላለው ያለ ቁርስ፣ በማለዳ መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምርመራው በመጀመሪያው ሳምንት ይያዛል። የመስከረም 21ዱ ብሔራዊ በዓል ቢሮዎችን ለአንድ ሳምንት ያህል ስለሚዘጋ ከጳጉሜን ጀምሮ የሚቆጠረው 30 ቀን በተግባር ያጥራል።

ፈቃዱ የትምህርት ነው። ያለ ዩኒቨርሲቲውና ያለ ቢሮው ስምምነት እንግሊዝኛ ማስተማር፣ በማስታወቂያ መሥራት ወይም ዕቃ ማመላለስ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ያስቀጣል፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል።

7. መክፈል

አሊፔይና ዊቻት ከባንክ ካርዱ ጋር ሲገናኙ ከጎዳና በቆሎ እስከ ባቡር ትኬት ይከፈልባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ቪዛና ማስተርካርድም ይቀበላሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ200 ዩዋን በላይ ሲከፈል ግን ተጨማሪ ክፍያ ይቆረጣል። የአገሩ ካርድ እስኪወጣ ድረስ ይህ ያገለግላል። አከፋፈሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ከፋዩ የነጋዴውን ኮድ ያነባል፣ ወይ የራሱን ኮድ ያስነብባል። የራስ መክፈያ ኮድ ለማንም በፎቶ አይላክም፤ የደረሰው ሰው ሊያወጣበት ይችላል።

ጥቂት መቶ ዩዋን ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ በኪስ ይኖራል። ባትሪ ሲያልቅ ወይም ኔትዎርክ ሲቋረጥ መመለሻው እሱ ነው፤ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለትም በሕግ አይፈቀድለትም።

8. ምግብና ጾም

ለደብረ ታቦር ልጅ ከቋንቋው ቀጥሎ የሚከብደው ይህ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የማይበላው የአሳማ ሥጋ የቻይና ወጥ ቤት ዋና ሥጋ ስለሆነ። ምናሌ ላይ "ሮው" ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሥጋ የአሳማ ነው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የበሬ "ኒዩሮው"፣ የአሳማ "ጁሮው" ይባላል። "ዎ ቡ ቺ ጁሮው" ማለት የአሳማ ሥጋ አልበላም ነው። አነጋገሩ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ስለሚለወጥ ተናግሮ ከመተማመን ይልቅ በቻይንኛ የተጻፈውን ከስልክ ላይ ማሳየት ይሻላል።

ሥጋ የሌለበት ሳህን ሁሉ የጾም አይደለም። ጎመኑ ወይም ድንቹ በአሳማ ስብ ሊጠበስ፣ ሾርባው ከአጥንት ሊወጣ፣ ዕንቁላል ሊጣልበት ይችላል። ስለዚህ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር "ሥጋ አልበላም" ብቻ ሳይሆን "ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና የአሳማ ስብ የሌለበት፣ በአትክልት ዘይት የተሠራ" የሚል መሆን አለበት። "ሱ" የሚል ምልክት ያላቸው ቤቶች ሥጋ አይሠሩም፤ ዕንቁላልና ወተት መኖሩ ግን ይጠየቃል። በቡድሃ ገዳማት አጠገብ ያሉት ሥጋውን ከነሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ስለሚተዉ ለጾመኛ ይመቻሉ።

"ቺንግጀን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት የሙስሊም ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻው እንዲህ ያለ ካፌ አላቸው፤ በከተማውም የላንጆ የበሬ ሾርባና በእጅ የሚጎተት ፓስታ የሚሸጡ ትናንሽ ቤቶች በየመንደሩ ይገኛሉ። ሙስሊሙ ተማሪ በዚህ ይረካል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ የዕርድ ጉዳይ ስለሚያሳስበው ከመሄዱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገርበት ዓመቱን ሙሉ ከመጨነቅ ይድናል። ሥጋውን ባይበላ እንኳ በዚህ ካፌ የሚሠራው አትክልት የአሳማ ስብ ስለማይነካው ለረቡዕና ዓርብ ምሳ የተሻለው ቦታ ነው። ዶፉ የተባለው የአኩሪ አተር አይብ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ ደበርጃንና ድንች ከሩዝ ጋር ዐቢይ ጾምንም ነቢያትንም ያሻግራሉ።

ጤፍ በተራ ሱቅ የለም። ከወረታ ወርዶ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን ያየ ሰው ግን መላ አያጣም፤ የሩዝ ዱቄት ከስንዴ ጋር ተቦክቶ በማይጣበቅ መጥበሻ ላይ ይጋገራል። ይህ የሚሆነው የጋራ ማብሰያ ክፍል ባለበት ዶርም ነው። የቧንቧ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ በየዶርሙ፣ በየጣቢያውና በየባቡሩ የፈላ ውኃ ስላለ አንድ ፔርሙስ መያዝ ይበቃል።

9. ክፍልና ቅዝቃዜ

በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ብርድ የለመደ ይመስለዋል። የደብረ ታቦር ብርድ ግን የሌሊትና የማለዳ ነው፤ በሰሜን ቻይና ያለችው የሃርቢን ከተማ ክረምት ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ሆኖም ለሰሜኑ ማዘን አያስፈልግም። ከቺንሊንግ ተራሮችና ከሁዋይ ወንዝ በስተ ሰሜን ያሉ ከተሞች ማዕከላዊ ማሞቂያ አላቸው፤ ቤጂንግ ውስጥ ከኅዳር 6 እስከ መጋቢት 6 ገደማ ይሠራል። ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው ከዚያ በስተ ደቡብ፣ በዉሃን፣ በናንጂንግ ወይም በቻንግሻ የሚኖረው ነው፤ ውጭው ያን ያህል ባይቀዘቅዝም ክፍሉ ማሞቂያ ስለሌለው እርጥበቱ አጥንት ይገባል። ወደ ሰሜን የሚሄድ ወፍራም ካፖርቱን እዚያው ይገዛል፤ ወደ ደቡብ የሚሄድ ጋቢውን አይርሳ። በበጋ ደግሞ በእነዚያው የደቡብ ከተሞች ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል።

10. ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ

ከዶርም የሚወጣ ሰው የዶርሙ አድራሻ በቻይንኛ የተጻፈበት ካርድ ይይዛል። ሕጉ 16 ዓመት የሞላው የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ያዝዛል። የሜትሮ መግቢያ በር ላይ ቦርሳ በማሽን ያልፋል፤ መክፈያውም በአሊፔይ የትራንስፖርት ኮድ ነው። የሜትሮ ጣቢያ ብዙ መውጫ ስላለው ቀጠሮ ሲያዝ የጣቢያው ስም ብቻ አይበቃም፤ የመውጫው ፊደል ይነገራል። የመጨረሻው ባቡር የሚያልፍበት ሰዓት በየመስመሩ ይለያያል፤ ዶርሙም ብዙ ጊዜ 23፡00 ላይ ይዘጋል።

ታክሲ ዲዲ በተባለው መተግበሪያ ይጠራል። መግባት የሚገባው የሰሌዳ ቁጥሩ ስልኩ ላይ ከታየው ጋር ከተመሳሰለ ብቻ ነው። መንገድ ሲሻገሩ ትልቁ አደጋ መኪና አይደለም፤ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ በእግረኛ መንገድ ላይም ይመጣል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድም ዓለም አቀፍ የሚባለውም በቻይና አይሠሩም።

ሾፌርና ባለሙያ "ሺፉ"፣ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ "ላኦሺ"፣ በዕድሜ የገፉ የዶርም ጠባቂ ሴት "አዪ" ተብለው ይጠራሉ። በእትዬና በጋሼ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም፤ የተዘጋ በርም ያስከፍታል።

11. ሩቅ መንገድ

ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀውን፣ ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ በአውቶቡስ ለተመላለሰ ሰው የአገሩ ፈጣን ባቡር ሌላ ዓለም ነው፤ ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለውን 1,318 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ትኬቱ በ12306 በተባለው የምድር ባቡሩ መተግበሪያ ይቆረጣል። የውጭ ዜጋ መጀመሪያ ፓስፖርቱን አስመዝግቦ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል፤ ይህ ከጉዞው ቀን ቀደም ብሎ ይደረጋል። ሽያጩ የሚከፈተው ከ15 ቀን በፊት ነው።

የወረቀት ትኬት የለም፤ ትኬቱ ፓስፖርቱ ራሱ ነው። ቅጂው ወይም ፎቶው አያስገባም። አንድ ትልቅ ከተማ ሦስት አራት ጣቢያ ስላለው፣ ለምሳሌ ቤጂንግ ደቡብና ቤጂንግ ምዕራብ፣ የጣቢያው ሙሉ ስም ይነበባል። አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይገባል፤ ፍተሻ አለ፣ በሩም ባቡሩ ከመነሣቱ ደቂቃዎች በፊት ይዘጋል። የወጥ ቤት ቢላዋ በሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወሰዳል። በሁለት ወቅቶች ጉዞ አለማሰብ ይሻላል፦ በመስከረም 21ዱ በዓል ሳምንትና በቻይና አዲስ ዓመት ዙሪያ። አዲስ ዓመቱ በየዓመቱ ከጥር 13 እስከ የካቲት 13 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ትኬት ያልቃል፣ ብዙ ምግብ ቤቶችም ይዘጋሉ።

ታዋቂ ቦታዎች ያለ ቀጠሮ አያስገቡም። የቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም መግቢያ ከ7 ቀን በፊት በፓስፖርት ቁጥር ይያዛል፤ ዋጋው በሞቃቱ ወራት 60፣ በክረምቱ 40 ዩዋን ነው፤ ሰኞ ዝግ ነው። ሌሎች ብዙ ሙዚየሞች ነጻ ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው ሰኞ ይዘጋሉ፣ ቀድሞ መመዝገብም ይጠይቃሉ። ሆቴል ሲያዝ የውጭ ፓስፖርት መመዝገብ እንደሚችሉ ቀድሞ ይጠየቃል፤ ትናንሽ ቤቶች ሥርዓቱን ስለማያውቁት እንግዳውን በሌሊት ይመልሱታል። ቲቤት ልዩ የጉዞ ፈቃድና አስጎብኚ ድርጅት ያስፈልገዋል። ከከተማ ውጭ ማደር ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይገለጻል።

12. ሕመምና አደጋ

ቀላል ሕመም በግቢው ክሊኒክ ይታያል። ሆስፒታል የሚሄድ በፓስፖርቱ ተመዝግቦ ካርድ ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ምርመራ ቀድሞ ይከፍላል፤ ኢንሹራንስ የሚመልሰው ደረሰኙ ከነማኅተሙ ሲቀርብ ስለሆነ አንድም ወረቀት አይጣልም። መተኛት ካስፈለገ መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ይደወላል። አምቡላንስ 120፣ ፖሊስ 110፣ እሳት አደጋ 119 ነው። 12367 ቪዛና ፈቃድ የተመለከተ ጥያቄ ሌት ተቀን በእንግሊዝኛም ይመልሳል።

13. እድሳት

የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው ከማለቁ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ በማመልከት ነው። ፓስፖርቱ ራሱ ሊያልቅ ሲቃረብ ቤጂንግ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጓንጁና በሻንጋይ ባሉት ቆንስላዎች በኩል ይጠየቃል፤ ጊዜ ስለሚወስድ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ሲቀረው ይጀመራል። አዲሱ ከእጅ ሲገባ ቁጥሩ ይለወጣል። ለውጡ በ10 ቀን ውስጥ ለመውጫና መግቢያ ቢሮው ካልተገለጸ ቅጣት አለው። ከዚያ በኋላ ባንኩ፣ የስልክ ድርጅቱ፣ አሊፔይና ዊቻት፣ የባቡሩ መተግበሪያና ኢንሹራንሱ አንድ በአንድ በአዲሱ ቁጥር ይታደሳሉ፤ ባንኩ ይቀድማል፣ የተቀሩት ካርዱን የሚያረጋግጡት ከእሱ ስለሆነ። አሮጌው ፓስፖርት አይጣልም፤ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ሁለቱ አብረው ይያዛሉ።